ቁልፍ የሚመስለው ነገር

«ባሕሩስ?» አለች አክስቷ ከሶፋው ላይ ሆና።

«ደህና ነው» አለች ክሬ።

ገና ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ቦርሳዋ ካንድ ትከሻዋ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ፊቷ ወደ በሩ ነው፣ ጀርባዋ ወደ አኳሪየሙ። ለነገሩ ጀርባን ሰጥቶ «ደህና ነው» ማለት ምን የሚሉት ነገር ነው? ግን ማን ቆም ብሎ ያስባል? ሐሙስ ነበር። ሰኞ የሒሳብ ፈተና አለ። አውቶቡሱ ደግሞ ሰው በሰው ላይ ጭኖ፣ አንድ ሰዓት ሙሉ በእግሯ አቁሞ ነው ያደረሳት።

በዚያ ቤት ደህና ያልሆነ ነገር ኖሮ አያውቅም። እናቷ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ክፍል ስትመለስ እግሯ አብጦ ጫማው አልወጣ ይላታል፤ «እግርሽስ?» ሲሏት «ደህና ነው» ትላለች። አክስቷ «ዓይንሽስ?» ስትባል «ደህና ነው፣ ተመስገን» ትላለች። ክሬም «ትምህርትስ?» ስትባል ያው ደህና ነው። ሦስት የደከሙ ሴቶች ሦስት ደህና ተቀባብለው፣ እራታቸውን በልተው ይተኛሉ።

ክሬ የሚለውን ስም ያወጣችላት አክስቷ ናት። ልብስ ሰፊ ነበረችና ገና በጨቅላነቷ አቅፋት «ይቺማ ክር ናት» አለች፤ ክር ቆይቶ ክሬ ሆነ፣ አሥራ አራት ዓመት ሙሉም አብሯት አደገ። ክሬ ደግሞ አክስቷን «እታለም» ነው የምትላት፤ እናቷ ታላቅ እህቷን ስትጠራ ሰምታ የያዘችው ነው።

ባሕሩ የሚሉት አኳሪየሙን፣ የመስታወት ገንዳውን ነው። እታለም በደህናው ጊዜ የአንድ ትልቅ ሆቴል መጋረጃና አንሶላ ሰፊ ነበረች። ሆቴሉ መግቢያው ላይ ጨዋማ ውሃ የተሞላ፣ ኮራል የበቀለበት ትልቅ አኳሪየም ነበረው። ሆቴሉ ሲዘጋ ለወንበሩም ለምንጣፉም ሰው ተጋፋ፤ አኳሪየሙን ግን ዘወር ብሎ ያየው አልነበረም። እታለም ወሰደችው። ሲንከባከበው የኖረው ሽማግሌ ከነድንጋዩ፣ ከነውሃው በባልዲ እያመላለሰ ቤቷ ድረስ አመጣላትና አያያዙን አስተማራት። ኮራል ድንጋይ ይመስላል እንጂ እንስሳ ነው፤ ይበላል፣ ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ይታመማል። እታለም የመጽሐፍ ስማቸውን ስለማታውቅ በምታውቀው ጠራቻቸው፦ አንዱ ከፋይ፣ አንዱ ሐር፣ የምትወዳት ደግሞ ዳንቴል።

ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው፣ የዓይን ግፊት የሚባለው በሽታ ቀኝ ዓይኗን ድርግም አድርጎ አጠፋው። ግራው ጭላንጭል ቀርቶታል። ሐኪሙ ጠብታ አዘዘላትና «ይቺ ጭላንጭል ከቀነሰች በማግስቱ ኑ፣ እንዳትዘገዩ» ብሎ ሰደዳቸው። ከዚያ ወዲህ የባሕሩ ዓይን ክሬ ናት። በየቀኑ አይታ ትናገራለች፤ ማን ተከፈተ፣ ማን አኮረፈ፣ ማን በላ። መጀመሪያ መጀመሪያ አሥር ደቂቃ ቆማ ትተርክላት ነበር። ኋላ አምስት ሆነ። ኋላማ ያው ደህና ነው።

አንድ ሥራ ብቻ እታለም ለማንም አልሰጠችም። ቅዳሜ ቅዳሜ እጅጌዋን እስከ ክርኗ ጠቅልላ፣ እጇን ውሃው ውስጥ ከትታ፣ መስታወቱን በስፖንጅ ታሻለች። «እጄ ያያል» ትላለች።

ክሬ ቦርሳዋን ጥላ ጆጉን አነሳች። የባሕሩ ውሃ በየቀኑ ይተናል፤ የተነነውን ያህል ንጹሕ ውሃ መጨመርም የእሷ ሥራ ነው። ወንበር ላይ ወጥታ ስታፈስ እንደወትሮው ስልኳን ልትነካካ ነበር፤ ባትሪው አልቋል። ምን ታድርግ፣ ወደ ታች አየች።

ከዳንቴል ሥር፣ ድንጋዩ ግራጫ መሆን በነበረበት ቦታ፣ ቡኒ ነገር ተነጥፏል። ክብ ክብ፣ ጠፍጣፋ፣ ዳር ዳሩን ሽፋሽፍት የመሰለ ነገር ያለው፣ አንዱ ሌላው ላይ ተደግፎ የቆመ። ዳንቴል ደግሞ፣ ያቺ እንደ ሙሽራ ዓይነ ርግብ ተዘርግታ የምትውለው፣ በዚያ በኩል ያለው ጎኗ ተሸብሽቦ ተዘግቷል።

ይህን ነገር ታውቀዋለች። ከሦስት ሳምንት በፊት እዚያው ቦታ አንድ ቡኒ ነጥብ ብቻውን ቆሞ አይታ «ነገ እነግራታለሁ» ብላ ነበር። ነገ የባዮሎጂ አሳይመንት መጣ። ከዚያ ወዲያ አላየችም፤ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ዓይኗ ስልኳ ላይ፣ ጀርባዋ ባሕሩ ላይ ነበር።

«ምነው ዝም አልሽ?» አለች እታለም።

«ምንም። ውሃው እንዳይፈስ ነው።»

እራት ሳይቀርብ በፊት ስልኳን ቻርጅ አድርጋ ፎቶ አነሳች። የባሕሩ መብራት ወደ ሰማያዊ ዞሮ ስለነበር ፎቶው ጨለማ ሆነ፤ ሆነ እንጂ ምን ይደረግ። እታለም ጨው የምትገዛበት የዓሣ መሸጫ አለ፤ ባለቤቱን ባለዓሣው ነው የሚሉት። ፎቶውን ላከችለትና ሥር ጻፈች፦ «ጋሼ ሰላም። ባሕሩ ውስጥ የማናውቀው ነገር በቅሏል። ቡኒ ነው፣ ቁልፍ ይመስላል፣ ብዙ ነው። ምንድን ነው?»

መልሱ በድምፅ መጣ። ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሰማችው።

«ፎቶሽ ጨለማ ነው የኔ ልጅ፤ ግን ቁልፍ ካልሽ ገብቶኛል። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጫፉ ላይ ጥርስ ጥርስ ያለው። እሱ አረም ነው። ድንጋዩን አውጪና የፈላ ውሃ ልቀቂበት። በቃ፣ ድራሹ ይጠፋል።»

ቀጭን፣ ረጅም የምትለዋ ቆረቆረቻት። እሷ ያየችው ድብልብልና አጭር ነው። ግን የደከመው ሰው ከአንድ መልእክት ውስጥ የሚሰማው የሚፈልጋትን ቃል ብቻ ነው፤ እሷም «በቃ» የምትለዋን ይዛ ወጣች። ነገ ዓርብ ነው፣ ትምህርት ቀደም ብሎ ያልቃል፣ እታለም ከዘጠኝ እስከ አሥር ሰዓት ትተኛለች። ድንጋዩን አውጥቶ፣ ውሃ ለቆ፣ መመለስ ነው። ቅዳሜ እታለም እጇን ስታስገባ ድንጋዩ እንደ ድሮው ድንጋይ ይሆናል፤ ማንም ምንም አያውቅም።

በማግስቱ ክፍል ውስጥ ነገሩን ለወንበር ጓደኛዋ አወራችላት። ጓደኛዋን ሁሉም ሳቂታ ነው የሚላት፤ በቀብርም ላይ የምትስቅ ልጅ ናት። ሳቂታ፣ ክሬ ጭንቅላቷን ይዛ ስትተክዝ አይታ፣ ክንዷን ገፋ አደረገቻት።

«አታካብጂ ባክሽ፣ ፈታ በይ። አክስትሽ እንደሆነ አታይ። ምን ታውቃለች?»

ክሬም አብራት ሳቀች። ከሳቀች በኋላ ግን አፏ ውስጥ የሆነ መራራ ነገር ቀረ፤ ቀኑን ሙሉ አልለቀቃትም። በሦስተኛው ክፍለ ጊዜ አስተማሪው ስሟን ሲጠራት አልሰማችም። እንቅልፍ ይሁን ሐሳብ እሷም አልለየችውም።

ቤት ስትደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፎ ነበር። እታለም ሶፋው ላይ፣ ፎጣ ደረቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ተኝታለች። መስኮቱ እንደወትሮው ጥርቅም ብሏል፤ ብርድ ይመታኛል ስለምትል ከፍቶ መተው የለም። ክሬ በእግር ጣቷ እየሄደች ወጥ ቤት ገባች፣ ማንቆርቆሪያውን እስከ አፉ ሞላችው፣ ጣደችው። ባልዲ አመጣች። የድሮ ፎጣ አመጣች። ሁሉ ነገር ተሰናድቶ አለቀና ውሃው እስኪፈላ ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ዓይኗ ተከደነ። እንዲህ ቆሞ መተኛት ከየት ለመደባት? ከአውቶቡሱ ነው መሰለኝ።

ያነቃት የማንቆርቆሪያው ክዳን ነው፤ ይንቀጫቀጫል።

«ሻይ ነው?» አለች እታለም ከሳሎን።

ክሬ ባለችበት ደረቀች። «አዎ» አለች።

«ለኔም ጨምሪበት።» ሶፋው ሲጥጥ አለ። የእታለም እጅ ግድግዳውን እየዳበሰ ሲመጣ ይሰማል፤ ግን ወደ ወጥ ቤቱ አልመጣም። «እናትሽ ነገ ተረኛ ናት ብላኛለች፣ ገበያ የምንወጣው አንቺና እኔ ነን። መስታወቱን ዛሬውኑ ልጨርሰው ይሆን?»

ክሬ ወደ ሳሎን ብቅ ስትል እታለም አኳሪየሙ አጠገብ ቆማ የግራ እጅጌዋን እየጠቀለለች ነው። አመልካች ጣቷ ላይ ፕላስተር አለ፤ ማክሰኞ ዕለት ለጎረቤት የመጋረጃ ጠርዝ ስትመልስ ስፒል ወግቷት ነው። ክዳኑን ከፈተች። ጣቶቿ ውሃው ላይ ደረሱ።

«እታለም፣ ተዪው። እጅሽን አታስገቢ።»

እውነቱን እንናገር ከተባለ ክሬ ለእታለም እጅ ፈርታ አልነበረም። የፈራችው ለራሷ ነው። እጁ ያያላ።

«ምነው?»

«አንድ ነገር በቅሏል። አዲስ ነገር።»

የእታለም ፊት ወዲያው በራ። ድካሙ ከላዩ ላይ ተጠርጎ እንደሄደ ነው የመሰለው፤ ይሄ ደግሞ ከቁጣ ይልቅ ክሬን አሳመማት። እታለም ወንበር ዳብሳ ሳበችና ተቀመጠች፣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ «በይ ንገሪኝ፣ ምን ይመስላል?» አለች።

«ቁልፍ ይመስላል።»

«የምን? የሸሚዝ ነው የካፖርት?»

ክሬ የቁልፍ ቆርቆሮውን ከስፌት መኪናው መሳቢያ አምጥታ ጭኗ ላይ አደረገችላት። እታለም ሠላሳ ዓመት ቁልፍ የለየችበት ጣት አላት፤ ሁለት ቀዳዳውን ካራት ቀዳዳው፣ ቀንዱን ከፕላስቲኩ ሳታይ ታወጣለች። አንድ አነስ ያለ አወጣች። «ይሄን ያህላል?» ክሬ ጎንበስ ብላ አየችና ከፍ ይላል አለቻት። ሌላ አወጣች፤ ጠፍጣፋ፣ መሐሉ ጎድጎድ ያለ የካፖርት ቁልፍ። እሱን አከለ። ከዚያ ጥያቄው ተከተለ። ለየብቻቸው ቆመዋል ወይስ አንድ ጨርቅ ላይ እንደተተከሉ ናቸው? ክሬ ግንባሯን መስታወቱ ላይ ለጥፋ ፈለገች፤ ከሥር አንድ ናቸው፣ ድንጋዩ ላይ ምንጣፍ የመሰለ ነገር አያይዟቸዋል። ሽፋሽፍታቸው ረጅም ነው? አጭር ነው፣ ዳር ዳሩን የዞረ። «እስቲ በእጅሽ ጥላ ጣይባቸው፤ ውሃውን ግን እንዳትነኪ።» ክሬ መዳፏን ከመብራቱ ሥር አሳለፈች። ቡኒዎቹ አንድ በአንድ፣ እንደ ከረጢት አፍ ተሰብስበው ተዘጉ። በሕይወቷ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም፤ ይሄ ሁሉ ጊዜ ግን ቤቷ ውስጥ፣ ከጀርባዋ ነበር።

«አሁን ቆዳቸውን እዪልኝ። ልሙጥ ነው ወይስ የተነሰነሰበት ነገር አለ?»

ክሬ የስልኳን መብራት አብርታ ወደ ውስጥ አነጣጠረች። ብርሃኑ ከመስታወቱ ነጥሮ እታለም ፊት ላይ ወደቀ።

«መብራት አብሪበት እንጂ» አለች እታለም፤ «እንዲሁ አይታይሽም።»

ክሬ ቀና አለች። መብራቱ ቀጥ ብሎ እታለም ግራ ዓይን ላይ ነው። ዓይኗ አልተርገበገበም። ክሬ አንድ ነገር ልትል አፏን ከፈተች፤ እታለም ግን «እ? ምን አለበት?» እያለች ትጠብቃለች።

«አሸዋ አለበት» አለች ክሬ። «ቆዳቸው ውስጥ። የተሰፋበት ነው የሚመስለው።»

እታለም ሁለት እጆቿን ሰብስባ ጭኗ ላይ አደረገች። ቁልፎቹ ካፖርቱ እንደተራገፈ ሁሉ መሬት ላይ ተንጠባጠቡ፤ ልብ አላለቻቸውም።

ቀስ ብላ ነው የተናገረችው። ሆቴሉ ውስጥም ነበር። ሽማግሌው «አሸዋ ለባሹ» ይለው ነበር። ከዚህ ዘር አንዳንዱ ክፉ መርዝ አለው፣ አንዳንዱ የለውም፤ የቱ እንደሆነ ግን በዓይን አይለይም። ካልነኩት አይነካም። በቁስል ከገባ ግን፣ ወይ ደግሞ የፈላ ውሃ ተለቆበት እንፋሎቱ ከተሳበ ጉድ ነው። ሽማግሌው አንድ ቀን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ድንጋዩን በፈላ ውሃ ሊያጸዳ ሞክሮ፣ ማታውን ትንፋሽ አጥሮት በሰው እጅ ነው የወጣው። ስድስት ቀን ሆስፒታል ተኛ። አንሶላ የወሰደችለት እታለም ራሷ ነበረች።

ወጥ ቤት ውስጥ የማንቆርቆሪያው ክዳን አሁንም ይንቀጫቀጫል።

ክሬ ሄዳ እሳቱን አጠፋች፤ ባልዲውንና ፎጣውን አየቻቸው። የወጥ ቤቱን መስኮት አየችው፤ እሱም ጥርቅም እንዳለ ነው። ሶፋው ከዚያ ሦስት እርምጃ ነው። እታለም ተኝታ፣ አፏን ከፈት አድርጋ ነበር። ክሬ መስኮቱን በሁለት እጇ ገፍታ ከፈተችው።

ስትመለስ እታለም እዚያው ተቀምጣለች። «ስንት ናቸው?» አለች።

ክሬ ቆጠረች። «ሠላሳ አራት።»

«መቼ መጡ?»

ድምፅዋ ላይ ቁጣ የለም። ቢኖር ይሻል ነበር። ዛሬ ነው እንዳትል፣ ሠላሳ አራት ሆነው ሳለ ውሃ የሚያነሳ ሰበብ አይደለም። ከድንጋዩ ጀርባ ተደብቀው ነበር ማለት ግን ይቻላል። ይቻላል፤ እታለምም ታምናለች፣ ምክንያቱም ከክሬ ዓይን ሌላ ዓይን የላትም። ያቺ የሳቂታ ቃል፣ አታይ፣ ምን ታውቃለች የምትለው፣ ተመልሳ መጣችባት።

«ሦስት ሳምንት ሆናቸው» አለች ክሬ። «አንድ ሆኖ አይቼው ነበር። ከዚያ በኋላ አላየሁም። ደህና ነው ስልሽ የነበረው ሳላይ ነው። ሻይም አልነበረም፣ እታለም። የጣድኩት ውሃ ለነሱ ነበር።»

እታለም ፊቷን ነፋሱ ወደሚገባበት አዞረች።

«በዚህ በተዘጋ ቤት» አለች። ከዚያ ደግሞ፣ «ደክሞሽ ነው።»

«ደክሞኝ ነው» አለች ክሬና መሬት ላይ ቁጭ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ማንም ጠይቋት ስለማያውቅ ይሁን እሷም ተናግራው ስለማታውቅ፣ ቃሏ ከወጣ በኋላ እንባዋ አልቆም አለ። እታለም ዳብሳ ጭንቅላቷን አገኘችው፤ እጇን እዚያው አስቀመጠችው እንጂ አላባበለቻትም። ክሬ እስክትጨርስ ጠበቀቻት። ስትጨርስ «ለባለዓሣው ደውዪለት፤ እኔና አንቺ አንነካውም» አለች።

ክሬ በመጀመሪያ በደንብ የተነሳ ፎቶ ላከች። ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ ራሱ ደወለ፤ የሰውዬው ድምፅ ተለውጧል።

«የልብስ ቁልፍ ነው እንዴ ያልሽው? እኔኮ የበር ቁልፍ መስሎኝ ነው! ውሃውን ለቀቅሽበት?»

አልለቀቅኩበትም ስትለው በረጅሙ ተነፈሰ። አደራ እንዳትነኩት፣ እንዳታሹት፣ መስኮት ክፈቱ አለ። በጨለማ ፎቶ እንደዚያ ማለት አልነበረብኝም ብሎም ራሱን ወቀሰ። ነገ ረፋድ ላይ ወፍራም ጓንትና መነጽር ይዞ መጥቶ፣ ድንጋዩን ከውሃው ጋር በባልዲ ሊወስደው ተስማሙ። ስልኩ ሲዘጋ እታለም ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ክሬ ደንግጣ አየቻት፤ ለካ እየሳቀች ነው።

«የበር ቁልፍ» አለች እታለም። «በዚህ ቤት ቁልፍ ሲባል በር ትዝ የሚለው ማን አለ?»

ክሬም ሳቀች። ይሄኛው ሳቅ አልመረራትም። ቁልፎቹን ከመሬት አንድ በአንድ ለቅማ ወደ ቆርቆሮው መለሰች፤ የመጨረሻዋን ስታነሳ ግን ያቺ ነገር መጣችባት፣ ሳቋም ቀስ ብሎ ሄደ።

«እታለም፣ መብራቱ በርቶ ነበር።»

«የቱ?»

«የስልኬ። ፊትሽ ላይ ነበር።»

እታለም ቆርቆሮውን ተቀብላ ክዳኑን ገጠመች። ሲገጥም ደግማ ከፈተችው፣ ደግማ ገጠመችው።

«የባሕሩ ሰማያዊ ትንሽ ትንሽ ይታየኝ ነበር» አለች። «ባለፈው ወር ሄደ። አንድ ጠዋት ስነሳ የለም።»

«ጠብታ ሳደርግልሽ ደህና ነው ትዪኝ ነበር።»

«እና ምን ልበል? እናትሽ ሥራዋን ጥላ ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ትንከራተትልኝ? እግሯን አታዪም?» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ስሚኝ ክሬ። እኔ ያንቺን ለእናትሽ አልነግራትም። አንቺም የኔን አትንገሪያት። ተስማማን?»

ደህና ውል ነበር። ምንም መሥራት አያስፈልግም፤ እራት ይቀርባል፣ ሦስቱም ደህና ይባባላሉ፣ ክሬ ሒሳቡን አጥንታ ትተኛለች። ሐኪሙ ግን በማግስቱ ኑ ነበር ያለው። ዛሬ ስንተኛው ማግስት ነው? ቆጥራ አልጨረሰችውም። ዓይኗ ወደ ባሕሩ ሄደ። ቡኒዎቹ እንደገና ተከፍተዋል፤ ዳንቴል በዚያ በኩል እንደተሸበሸበች ናት።

በሩ ላይ ቁልፍ ተሽከረከረ፤ ይሄኛው የበር ቁልፍ ነው። እናቷ ገባች። ፊቷ የሳሙና ውሃ እንደነካው ወረቀት ገርጥቷል። አንድ ጫማዋን በሌላው እየገፋች፣ መልሱን ሳትጠብቅ፣ እንደ ሁልጊዜው ጠየቀች።

«እንዴት ዋላችሁ? ደህና ናችሁ?»

የእታለም እጅ ዳብሶ የክሬን አንጓ ያዘ፣ ጫን አደረገውም።

ክሬ አላስለቀቀችውም። በሌላ እጇ ከጎኗ ያለውን ወንበር ስባ ለእናቷ አዞረችላት።

«እማ፣ ጫማሽን ቀስ ብለሽ ታወልቂዋለሽ፤ መጀመሪያ ቁጭ በይ» አለች። «ውሃው ፈልቷል፣ ሻይ አደርጋለሁ። የምንነግርሽ ነገር አለ።»

እናቷ አንዷን አንዷን እያየች ተቀመጠች። «ምን ሆናችኋል?» አለች።

ክሬ አንጓዋ ላይ ያሉት ጣቶች ሲላሉ ተሰማት።

«ከእኔ ልጀምር» አለች።